የመስከረም ማስነጠስ፦ ስለ ወቅት አለርጂ ለጠየቃችሁን

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ማበብ ሲጀምር ወደዚህ አምድ የሚመጡት ጥያቄዎች በብዛት የአፍንጫና የዓይን ናቸው። ከነሱ ስድስቱን ለዚህ እትም መርጠናል። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ክኒን ሳይውጡ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ድረስ ጠዋት ጠዋት በላይ በላዩ ያስነጥሰኛል። አፍንጫዬ እንደ ውሃ ይወርዳል፣ ዓይኔንና ላንቃዬን ያሳክከኛል። ቤተሰቦቼ ብርድ ነው፣ ሳይነስ ነው ይሉኛል። ጎረቤቶቼ ደግሞ አደይ አበባው ነው ይላሉ። በምን ልለየው? ምንስ ላድርግ? (ከአዲስ አበባ፣ አያት)

መልስ፦ የገለጹልን ሁሉ ወደ አለርጂ ያደላል። ከሁሉም በላይ የሚለየው ማሳከኩ ነው። ጉንፋን ጉሮሮን ያቆስላል፣ ሰውነትን ይቆረጣጥማል፣ አንዳንዴ ያተኩሳል፤ ላንቃንና ዓይንን ግን እምብዛም አያሳክክም፤ አብዛኛውን ጊዜም ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃል። ሳይነስ መርቅዟል የሚባለው ንፍጡ ወፍራምና ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሲሆን፣ ፊት ላይ ጎንበስ ሲሉ የሚብስ ሕመም ሲኖርና ይህ ሁሉ ከ10 ቀን በላይ ሲቆይ ነው። ያለ ትኩሳት ለሳምንታት የሚወርድ ቀጭን ንፍጥ፣ ያውም በየዓመቱ በዚያው ወር የሚመለስ ከሆነ፣ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አይድንም። ስለዚህ "ለሳይነሴ" ብለው አሞክሳሲሊን ገዝተው ከሆነ ያቁሙት አንልም፤ ያዘዘልዎትን ሐኪም ግን መልሰው ይጠይቁ። ያለ ትእዛዝ ከሆነ ግን አይጀምሩት።

አደይ አበባ ከሚገባው በላይ ይታማል። ብናኙ ከባድና የሚጣበቅ ነው፤ የሚጓዘውም በንብ እግር እንጂ በነፋስ አይደለም። ዋነኛው ጥፋተኛ ማንም ልብ የማይለው ሣር ነው። ሣር ሲያብብ ዓይን የሚስብ ቀለም የለውም፤ ብናኙን ግን ለነፋስ ነው የሚሰጠው፤ ጊዜውም ከአደይ ጋር አንድ ላይ ስለሚገጥም ሐሜቱ ሁሉ በቢጫዋ አበባ ላይ ይወርዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ውቂያ ሲጀመር የአውድማው እብቅና አቧራ ይጨመርበታል።

ሰውነት ይህን ምንም የማያደርግ ብናኝ እንደ ጠላት ሲቆጥረው ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል። በደቂቃዎች ውስጥ ማስነጠሱና ማሳከኩ ይመጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሁለተኛው ዙር ነው፦ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ዘግይቶ አፍንጫው ከውስጥ ያብጣል፣ ይታፈናል። ማታ ላይ የተሳበው ብናኝ ሌሊቱን የሚያፍነው በዚህ ምክንያት ነው። ሣር በጠዋት ብናኙን ሲለቅ ደግሞ አዲስ ዙር ይጀምራል።

እኛ ከሁሉም የምናስቀድመው ማታ ወደ ቤት ሲገቡ የሚደረገውን ነው። ልብስዎን ከመኝታ ክፍል ውጭ ይቀይሩ። ፊትዎን፣ የዓይንዎን ሽፋሽፍትና ፀጉርዎን ይታጠቡ፤ ፀጉር በቀን በቀን የማይታጠብ ሹሩባ ከሆነ ሲወጡ በሻሽ ይሸፍኑት፤ ቅባት ወይም ቅቤ የተቀባ ፀጉር ብናኙን ይይዝና ትራሱ ላይ ያራግፈዋል። ቀጥሎ አፍንጫዎን በጨው ውሃ ይጠቡ (አሠራሩን በሚቀጥለው መልስ በዝርዝር አስቀምጠናል)። መስኮት ጠዋት ላይ ዘግተው ቆይተው ዝናብ ከጣለ በኋላ ይክፈቱት። የትራስ ልብስና አንሶላ በዚህ ወቅት ውጭ ገመድ ላይ ባይሰጣ ይመረጣል። ግቢ ውስጥ ያለ ሣር ዘለላ ሳያወጣ ይታጨድ፤ አጫጁ ግን እርስዎ አይሁኑ። ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘው ትኩስ ሣር የሚያስነሣብዎት ከሆነ በዚህ ሁለት ወር ይቅር ማለት ነውር የለውም።

ውጭ ሲውሉ ነጠላ አፍንጫ ላይ ማድረግ ከፀሐይና ከትልቅ አቧራ ያስጥላል እንጂ ጎንና ጎኑ ክፍት ስለሆነ ብናኙን ብዙም አያቆምም። ተራው የሐኪም ማስክ በደንብ ከተገጠመ ይሻላል፤ የሣር ብናኝ መጠኑ ለማስኩ ቀዳዳ ትልቅ ነው። በአፍንጫ ቀዳዳ ጠርዝ ዙሪያ ስስ ቫዝሊን መቀባትም የሚገባውን ጥቂት ብናኝ ይይዛል፤ ወደ ውስጥ ግን አይግባ።

ለሚያሳክክ ዓይን፦ አይሹት። ማሸት ራሱ ተጨማሪ ሂስታሚን ያስለቅቃል። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ዓይንዎን ጨፍነው ለ10 ደቂቃ ያኑሩ፤ ከፋርማሲ የሚገኘውን ሰው ሠራሽ እንባ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዞ መጨመርም ጥሩ እረፍት ይሰጣል።

ጥያቄ፦ አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ጥሩ ነው ተብዬ ሞከርኩት። በጣም አቃጠለኝ፤ ጆሮዬንም አመመኝ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጎንበስ ስል ከአፍንጫዬ ውሃ ፈሰሰ። ስህተቴ ምን ላይ ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሦስቱም የሚስተካከሉ ናቸው፤ እባክዎ አይተዉት። ከተፈጥሯዊ መንገዶች ሁሉ በማስረጃ ከተደገፉት አንዱ ይህ ነው፤ ብናኙንና የተቆጣውን ንፍጥ አብሮ ያወጣዋል። ለነፍሰ ጡርም ይሆናል።

ማቃጠሉ ከጨው መጠን ነው። ብዙ ሰው ጨው በዝቶብኝ ነው ብሎ ይቀንሳል፤ የባሰ ያቃጥለዋል። አፍንጫ የሚስማማው ከደማችን ጨውነት ጋር የሚቀራረብ ውሃ ነው፤ ያ ማለት በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው። ጨው የሌለው ውሃ ራሱ እንደ እሳት ይለበልባል። በቤት መለኪያ፦ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው፣ ማንኪያው ከላይ በቢላ ጀርባ ተስተካክሎ። ከአንድ ሊትር ያነሰ ካዘጋጁ ለአንድ ብርጭቆ፣ ማለትም ለ240 ሚሊ ሊትር፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ይበቃል። የሻካራ ጨው ማንኪያ ከደቃቁ ያነሰ ክብደት ስለሚይዝ መጀመሪያ ይፈጭ። በአንድ ሊትር ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ቢጨምሩበት ልስላሴ ይሰጠዋል፤ ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን እንዳያስገቡ።

ጨው ሲመርጡ አዮዲን ያልገባበት ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አዮዲኑ አንዳንዱን ሰው ይቆጠቁጠዋል። ገበያችን ላይ ያለው የገበታ ጨው በብዛት አዮዲን ያለው ስለሆነ ካልቆጠቆጠዎት ይጠቀሙበት። ከቆጠቆጠዎት ከፋርማሲ 0.9 በመቶ ኖርማል ሳላይን (የተዘጋጀ የጨው ውሃ) ይግዙ፤ የተለካ፣ ንጹሕና ውድ ያልሆነ ነው። ከተከፈተ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልተጠቀሙበት ይደፋ። ያልታጠበ የአሞሌ ስባሪ ግን አይሆንም፤ አሸዋ አለበት።

ውሃውን በተመለከተ የምንለው የሚያከራክር አይደለም፦ የቧንቧ ውሃ፣ የምንጭ ውሃ፣ የታሸገም ቢሆን ሳይፈላ ወደ አፍንጫ አይገባም። ሲጠጣ በሆድ አሲድ የሚሞት ተሕዋስ በአፍንጫ በኩል ሲገባ መንገዱ ሌላ ነው። ኔግሌሪያ የሚባለው አሜባ በአፍንጫ አልፎ አንጎል የሚደርስ ነው፤ በጣም ብርቅ ቢሆንም ከያዘ ገዳይ ነው። ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ዝቅ ባለ ቦታ ለ1 ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ለ3 ደቂቃ ይፍላ፤ ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። ደብረ ብርሃንም አዲስ አበባም ከዚህ በላይ ናቸው። ከዚያ ተከድኖ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ የክንድዎ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ሲነካ ለብ ያለ ይሁን። ቀዝቃዛ ውሃ ያሳምማል፤ ትኩስ ደግሞ ያቃጥላል።

ለጆሮው ሕመም ምክንያቱ ግፊት ነው። ልዩ የአፍንጫ ማጠቢያ ዕቃ ባይኖርዎ መርፌው የወጣ የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይበቃል። መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ይበሉ፤ ራስዎን ወደ ጎን ያዘንብሉ፤ አንዱ ቀዳዳ ከላይ ይሁን። አፍዎን ከፍተው በአፍ ይተንፍሱ፤ እየዋጡ ወይም እያወሩ አይሁን፤ መዋጥ ወደ ጆሮ የሚወስደውን ቱቦ ይከፍተዋል። የሲሪንጁን ጫፍ ላይኛው ቀዳዳ ውስጥ ጥቂት አስገብተው ወደ ራስ አናት ሳይሆን ወደ ኋላ፣ ወደ ጆሮ ትይዩ ያነጣጥሩና ቀስ አድርገው ይግፉ። በታችኛው ቀዳዳ መውጣት አለበት። ለአንድ ጎን ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ይበቃል። አፍንጫው ጨርሶ የተደፈነ ከሆነ አይግፉ፤ ለብ ባለ ውሃ ሻወር ወስደው ትንሽ ከፈት ሲል ይሞክሩ።

ከሰዓት በኋላ የፈሰሰው በሳይነስ፣ ማለትም በአፍንጫ ዙሪያ ባሉት የአጥንት ክፍተቶች ውስጥ የቀረው ውሃ ነው። ሲጨርሱ ራስዎን ወደ ታች ደፍተው፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እያዞሩ ለአንድ ደቂቃ ይቆዩ። ከዚያ ሁለቱንም ቀዳዳ ክፍት አድርገው በቀስታ ይናፈጡ። አንዱን ጨምቆ በኃይል መናፈጥ ውሃውን ወደ ጆሮ ይመልሰዋል። ለመተኛት አንድ ሰዓት ሲቀርዎት ያጠናቅቁ። ሲሪንጁ በሳሙና ታጥቦ ክፍት ሆኖ ይድረቅ፤ የራስዎ ብቻ ይሁን። በወቅቱ በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ በቂ ነው። ሐኪም የአፍንጫ ስፕሬይ ካዘዘልዎት ከታጠቡ 15 ደቂቃ በኋላ ይርጩት፤ ከዚያ በፊት ከሆነ ታጥቦ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ በጥቅምት ወር ሲያስነጥስና አፍንጫው ሲታፈን እናቴ በባሕር ዛፍ ቅጠል ታጥነዋለች፣ ዳማከሴ ጨምቃም በአፍንጫው ታደርግለታለች። ጥቁር አዝሙድም ይሻለዋል ትላለች። እናቴን ማስቀየም አልፈልግም፤ ግን ልክ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የእናትዎ አሳብ መልካም ነው፤ እናቶቻችን ይህን የተማሩት ለምችና ለጉንፋን ነው። ለአለርጂ ግን እያንዳንዱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉም አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ እንዲቆም የምንለምነው የልጁን መታጠን ነው። የፈላ ውሃ ድስት አጠገብ ብርድ ልብስ የተከናነበ ሕፃን ማለት ለቃጠሎ የተዘጋጀ ሕፃን ማለት ነው፤ በዚህ የሚቃጠሉት በብዛት ልጆች ናቸው። የባሕር ዛፍ ሽታ አፍንጫን የከፈተ ይመስላል እንጂ እብጠቱን አያወርድም፤ ቀዝቃዛውን ስሜት የሚሰጠው ዘይቱ ነው። በጠርሙስ የሚሸጠውን የባሕር ዛፍ ዘይት ደግሞ ከልጅ እጅ ያርቁት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢውጥ እንኳ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። አዋቂ ሰው ለብ ባለ እንፋሎት ውስጥ ጥቂት ቢቆይ ለጊዜው ይቀለዋል፤ የአስም ታሪክ ያለበት ግን ሽታው ራሱ ሊያስነሣበት ይችላል።

የዳማከሴ ጭማቂ በአፍንጫ አይጨመርም። ቅጠሉ ላይ አፈርና ተሕዋስ አለ፤ የተቆጣ አፍንጫን የበለጠ ያስቆጣል። አለርጂን እንደሚያስታግስ የሚያሳይ በቂ ነገርም የለም። ጤና አዳም ከተጨመረ ደግሞ በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች እንዳትጠጣው፤ ማሕፀን ያኮማትራል።

ጥቁር አዝሙድ የተሻለ ዕድል ካላቸው ውስጥ ነው፤ በሰዎች ላይ የተደረጉ ጥቂት ትናንሽ ጥናቶች ዘይቱ ማስነጠስንና መታፈንን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ለልጁ ግን በዳቦና በወጥ ውስጥ ከሚገባው መጠን በላይ አይስጡት፤ ዘይቱን በማንኪያ አያጠጡት። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ አዋቂም ሐኪሙን ሳይጠይቅ በብዛት አይጀምረው።

ዝንጅብል በማር ቢጠጣ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ማር ሳልንም ያቀልላል፤ የአለርጂው መነሻ ላይ ግን አይደርስም። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም።

ለእናትዎ አዲስ ሥራ ይስጧቸው፦ ልጁ ከውጭ ሲገባ ፊቱንና እጁን የሚያጥቡት፣ ልብሱን የሚቀይሩት፣ በየአፍንጫው ቀዳዳ ሁለት ሁለት ጠብታ ሳላይን የሚያደርጉለት እሳቸው ይሁኑ። እጣንና ሰንደል ሲጨስ ልጁ ሌላ ክፍል ይሁን፤ ጢስ የተቆጣን አፍንጫ ያባብሳል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የሚፈሰው በአንዱ ቀዳዳ ብቻ ከሆነና ከሸተተ አለርጂ አይደለም፤ ባቄላ ወይም ዶቃ ከቶ ሊሆን ይችላልና ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ሌሊት የሚያስል ከሆነ፣ ደረቱ ሲጥ ሲጥ የሚል ከሆነም ለአስም መመርመር አለበት።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። አገር ቤት ምንም አልነበረኝም፤ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ በሚያዝያና በግንቦት ዓይኔ ይዘጋል። "የአካባቢውን ማር በየቀኑ ብትበላ ትለማመደዋለህ" ይሉኛል። በቅርቡ ደግሞ ፖም ስበላ ከንፈሬን ማሳከክ ጀመረኝ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አለርጂ አዲስ አገር እንደገቡ አይመጣም፤ ሰውነት ለማያውቀው ብናኝ ጥቂት ወቅት ተጋልጦ ነው የሚቆጣው። የእርስዎም ሁኔታ ይህን ይመስላል። በዋሽንግተን ዙሪያ የዛፎች ብናኝ፣ በተለይ የኦክና የበርች፣ በፈረንጆቹ መጋቢት ጀምሮ እስከ ግንቦት ይዘልቃል፤ ሣሩ ግንቦትና ሰኔን ይይዛል፤ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መጀመሪያው ውርጭ ደግሞ ራግዊድ የሚባለው አረም ነው። የእርስዎ ወር የዛፉ ነው።

ስለ ማሩ፦ ይጣፍጥዎት፤ መድኃኒት ብለው ግን አይቁጠሩት። ንብ የምትሰበስበው ከሚያማምሩ አበቦች ነው፤ እርስዎን የሚያስነጥስዎ ኦክ ግን ብናኙን በነፋስ የሚበትን ነው፤ ማሩ ውስጥ ያለው ቢኖር እንኳ ጥቂትና ያልተለካ ነው። በሐኪም የሚሰጠው የማለማመድ ሕክምና የሚሠራው የሚያስቆጣው ብናኝ ራሱ በጥንቃቄ ተለክቶ ለዓመታት ስለሚሰጥ ነው፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል፤ ከሁሉም ዘላቂው መፍትሔም እሱ ነው።

የፖሙ ነገር ከበርች ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። በበርች ብናኝና በፖም፣ በቼሪ፣ በኮክ፣ በካሮት ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ይመሳሰላሉ፤ ሰውነት ይሳሳታል። ፕሮቲኑ በሙቀት ስለሚፈርስ የበሰለ ፖም ብዙ ጊዜ ችግር አያመጣም። ማሳከኩ ከአፍ ካለፈና ጉሮሮ ካበጠ፣ ድምፅ ከተለወጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ወዲያው 911 ይደውሉ። በነሐሴ የሚያምዎ ከሆነ ደግሞ የካሞሚል ሻይ ይተዉ፤ ካሞሚል የራግዊድ ዘመድ ነው።

እዚያ ለእርስዎ የሚቀለው ነገር የዕለቱ የብናኝ መጠን ትንበያ በስልክ መገኘቱ ነው። ከፍ ባለበት ቀን ሩጫዎን ወደ ስፖርት ቤት ይውሰዱ፤ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግተው አየሩን ከውስጥ እንዲያዞር ያድርጉት፤ መኝታ ክፍል ውስጥ ብቻ አንድ የሄፓ ማጣሪያ ያለው አየር ማጽጃ ያስቀምጡ። ለሙሉ ቤት የሚበቃ ትልቅ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ማሳ ላይ ቅንጨ አረም ስንነቅል እጃችንና አንገታችን ይቆስላል፤ ከሠራተኞቹ ሁለቱ ማስነጠሱ አይለቃቸውም። (ከምሥራቅ ሐረርጌ)

መልስ፦ ይህ በአካባቢያችሁ ፈረምሲስ የሚባለው አረም ነው፤ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ፣ በኢትዮጵያ ከ40 ዓመት በላይ የተንሰራፋ። ሁለት ዓይነት ጉዳት አለው። ቅጠሉና ግንዱ ላይ ያለው ንጥረ ነገር ቆዳን ያስቆጣል፤ ብናኙ ደግሞ አፍንጫንና ደረትን። ቆዳው አንዴ ከተቆጣ በየጊዜው እየባሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ የቆሰሉትም፣ ማስነጠሱ ያልለቀቃቸው ሁለቱ ሠራተኞችም ነቀላውን ትተው ሌላ ሥራ ይያዙ።

የሚነቀለው አበባ ከማውጣቱ በፊት፣ ዝናብ ዘንቦ አፈሩ ሲርስ ነው፤ ሥሩ አብሮ ይወጣል፣ ብናኝም የለም። አንዱ ተክል ከአሥር ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ስለሚችል ካበበ በኋላ መንቀል ዘሩን መበተን ጭምር ነው። ጓንት፣ እጀ ረጅም ሸሚዝ፣ ማስክ፤ ጓንት ከሌለ እጅ ላይ ፌስታል ማሰር ከባዶ እጅ ይሻላል። ሲጨርሱ በዚያው እጅ ፊት አይነካ። በሳሙና ታጥበው ልብሱን ለብቻው ይጠቡ። ደርቆ ሲቃጠል ጢሱ አጠገብ ማንም አይቁም።

ጥያቄ፦ አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። ካልጨመርኩ እንቅልፍ የለኝም። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አሁን የሚያፍንዎ በአብዛኛው ጠብታው ራሱ ነው። ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን የሚባሉት ጠብታዎች የደም ሥርን አኮማትረው አፍንጫን ይከፍታሉ፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ካለፈ ግን ኃይሉ ሲያልቅ እብጠቱ ብሶ ይመለሳል። በአንዴ መተው ከከበደዎ አንዱን ቀዳዳ ብቻ ያስቁሙ፤ በሌላው እየተነፈሱ ይተኙ። የተተወው ከሳምንት በኋላ ሲከፈት ሁለተኛውንም ይተዉት። በዚህ ጊዜ ጨው ውሃውን ጠዋትና ማታ ያድርጉ፤ ራስዎን በተጨማሪ ትራስ ከፍ አድርገው ይተኙ። ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ስቴሮይድ ያለው የአፍንጫ ስፕሬይ ቢጨምርልዎ መሻገሩ ይቀላል፤ ይህኛው እንደ ጠብታው አያስለምድም፤ ግን ሥራው እስኪታይ ብዙ ቀን ይወስዳል፤ በሁለተኛው ቀን አልሠራም ብለው አይጣሉት። ሲረጩ ጫፉን ወደ መሐለኛው የአፍንጫ ግድግዳ ሳይሆን ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮዎ አቅጣጫ ያዙሩት፤ አለበለዚያ ያደማዎታል።